ጐንደርን በእግር መማር

የታሪክ መምህር እጩ መምህራንን ወደ ጐንደር በወሰደ ጊዜ፣ አስቀድሞ ታሪክ ዐዋቂ መሪ ሊፈልግ ይገባዋል። ግንቡ ላላወቀው ሰው ድንጋይና ኖራ ነው። ዐዋቂው ግን ዐፄ ፋሲል ከተማዪቱን በ1628 ዓ.ም. እንደ ቈረቈሩ፣ ግቢው 12 በሮች እንዳሉት፣ የልጅ ልጃቸው የዐፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥትም የጣልያን ጦር በግቢው ሰፍሮ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1941 በእንግሊዝ ቦምብ እንደ ተጐዳ፣ በየደጃፉ እያቆመ ያስረዳል። ከዚያም ደብረ ብርሃን ሥላሴ አድርሶ፣ በጣራው ውስጥ የተሳሉትን የመላእክት ፊቶች ያሳያል።

ከግንቡ የፈረሰው አይመለስም፤ ለምን እንደ ፈረሰ የሚናገር ሲጠፋ ግን የቀረውም ትርጕም ያጣል። ስለዚህ እጩ መምህሩ ከመሪው የሰማውን ጽፎ ይያዝ፤ ነገ ለልጆቹ መሪ የሚሆነው እርሱ ነውና።