በሽንፈት ቀን የገባች ግብ



በመጠለያችን ማታ ማታ የእግር ኳስ ወሬ ሲነሣ ሁለት ዓይነት ተናጋሪ አይጠፋም። አንደኛው «እኛ እኮ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰድን ሰዎች ነን» ይልና ከ1954 ዓ.ም. በቀር ሌላ ዓመት አይጠራም። ሁለተኛው ደግሞ «እኛ መቼ አሸንፈን እናውቃለን!» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። ሁለቱ በየማታው ይከራከራሉ እንጂ ጉድለታቸው አንድ ነው፤ የኳሳችንን ዘመን ከመነሻው እስከ መድረሻው አልተከተሉትም። ከሥር የሚያድጉት ልጆች ደግሞ የሚሰሙት ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ሒሳቡን በሙሉ ለማቅረብ ፈለግን። ዓመቶቹን የምንሰጠው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን የየትምህርት ክፍሉ ቡድን እርስ በርሱ ሲጋጠም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሰንጠረዥ ይለጠፍ ነበር። የተጫወተው፣ ያሸነፈው፣ አቻ የወጣው፣ የተሸነፈው፣ ያገባው፣ የገባበት፣ ነጥቡ። የታሪክ ክፍል ተማሪዎች በሒሳብ ክፍል ስንሸነፍ ያችን የ«ተሸነፈ» ዐምድ በጣታችን ልንሸፍናት ይዳዳን ነበር። ግን ዐምዷ ካልተሞላች ነጥቡም አይሰላም። ደጋፊ ማለት ዐምዱን ሁሉ የሚያነብ ሰው ነው ብለን የተማርነው ከዚያ ሰሌዳ ነው።

እንግዲህ ከመነሻው እንጀምር። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ነው፤ ጣልያን አገራችንን መውረር ከጀመረ ገና ሦስተኛ ወሩ ነበር። ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የሊግ ውድድር ሲደረግ አምስት ቡድኖች ተሰለፉ፤ ከጊዮርጊስ ሌላ የአርመኖች፣ የግሪኮች፣ የኢጣልያኖችና የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልእኮ ቡድኖች ነበሩ። ያንን የመጀመሪያ ውድድር ያሸነፉት እንግሊዞቹ ናቸው። ስለዚህ የሰንጠረዣችን የመጀመሪያ መስመር ራሱ የእንግዳ ድል ነው። ሆኖም የጊዮርጊስ ደጋፊ በዚያ ምክንያት ከሜዳ አልቀረም። ከዚያ በኋላም መቻል ከጦሩ፣ ጥጥ ማኅበር ከድሬዳዋ፣ ሐማሴንና ቴሌ ከአስመራ እየወጡ ዋንጫውን እየተቀባበሉት ሄዱ።

አሁን ወደ ካርቱም እንምጣ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነውና። ሱዳን ነጻ በወጣች በዓመቷ፣ በየካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ከተማ ተመሠረተ። መሥራቾቹ አራት ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን በአንድነት አላሰልፍም ስላለች ከውድድሩ ወጣች። በዚህ ምክንያት ከእርሷ ጋር የምትጫወተው ኢትዮጵያ ኳስ ሳትነካ በቀጥታ ለዋንጫ አለፈች። በየካቲት 9 ቀን በካርቱም ስታዲየም ከግብፅ ጋር ተገናኝታ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው አድ-ዲባ የሚባለው አጥቂ ነበር። (ይኸው ሰው ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ዳኛ ሆኖ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን የዋንጫ ጨዋታ በፊሽካው መራ፤ ኳስ እንዲህ ታዟዙራለች።)

በ1951 ዓ.ም. ሁለተኛው ውድድር በካይሮ ሲደረግ የተሰለፉት ሦስት አገሮች ብቻ ነበሩ። ግብፅ እንደ ገና 4 ለ 0፣ ሱዳን ደግሞ 1 ለ 0 አሸነፉን። አሁን ሒሳቡን እንደምር። ሁለት ውድድር፣ ሦስት ጨዋታ፣ የገባብን ዘጠኝ ግብ፣ ያገባነው ዜሮ። «መቼ አሸንፈን እናውቃለን» የሚለው ወገናችን በ1951 ዓ.ም. ቢናገር ኖሮ ማስረጃው ሙሉ ነበር።

ነገር ግን ሰንጠረዡ እዚያ ላይ አልተዘጋም። ሦስተኛው ውድድር በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲደረግ ቡድናችን ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸንፎ ለዋንጫ አለፈ። በጥር 13 ቀን ያቺው ግብፅ ቀረበች። ግብፅ መጀመሪያ አገባች፤ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ግብፅ ወዲያው ደገመች፤ ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ሉቺያኖ ቫሳሎ እንደ ገና አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። ውጤቱ 4 ለ 2 ሆነ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ያን ቀን ሁለት ጊዜ ከኋላ ተነሥቶ አቻ የሆነው ቡድን መመራትን አስቀድሞ የቀመሰ ቡድን ነው። በካርቱምና በካይሮ ዘጠኝ ግብ የቆጠረብን አገር ሁሉ ለአዲስ አበባው ቀን አስተማሪያችን ነበረ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ካርቱም ላይ ኮንፌዴሬሽኑን ካቋቋሙት አንዱ ናቸው፤ ሽንፈቱን በወሬ የሰሙ ሳይሆኑ ከነሥሩ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ስለዚህ 1954ን የሚጠራ ሰው 1949ንና 1951ን አብሮ ካልጠራ ፍሬውን በልቶ ግንዱን እንደ መካድ ነው።

ድል ደግሞ ርስት አይደለም። በ1960 ዓ.ም. ውድድሩ በአዲስ አበባና በአስመራ ሲደረግ አራተኛ ወጣን። በየካቲት 1962 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ እንደ ገና ወደ ሱዳን መጣ። ካርቱም ላይ ሱዳን 3 ለ 0፣ ካሜሩን 3 ለ 2፣ ኮትዲቯር 6 ለ 1 አሸነፉን። ከስድስቱ አምስቱን ያስቆጠረው ሎራን ፖኩ ብቻውን ነው። ሱዳን ግን በየካቲት 9 ቀን ጋናን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ቀኑን ያስተዋለ ይገረም፤ በ1949 ዓ.ም. እኛ በዚያችው ከተማ አራት ግብ የገባብን በዚያው በየካቲት 9 ቀን ነበር። ለሱዳኖች ያ ዋንጫ የመጀመሪያቸውም እስከ ዛሬ ብቸኛቸውም ነው፤ እኛም እንደዚሁ አንድ ብቻ አለን። ጎረቤታሞች በዚህም ተመሳስለናል።

ከሜዳ ውጭም ቢሆን ሁለቱ አገሮች ተቀባብለዋል። ኮንፌዴሬሽኑን ከ1960 እስከ 1964 ዓ.ም. የመሩት ሱዳናዊው ሐኪም ዶክተር ዓብዱልሐሊም ሙሐመድ ነበሩ። ከእርሳቸው ይድነቃቸው ተሰማ ተረክበው በነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ መሩት። እርሳቸው ሲያርፉ ቦታውን ለጊዜው የያዙት እንደ ገና ዶክተር ዓብዱልሐሊም ናቸው። የዘር መድልዎን ፖለቲካ የያዘችው ደቡብ አፍሪካ ከዓለም ሜዳ እንድትገለል ይድነቃቸው ያደረጉት ትግል ሥሩ ካርቱም ላይ በ1949 ዓ.ም. የተወሰደው አቋም ነው።

ስለ አምበሉም አንድ ቃል እንበል። ሉቺያኖ ቫሳሎ በአስመራ ከኤርትራዊት እናትና ከኢጣልያዊ አባት ተወለደ። በደርግ ዘመን አገሩን ለቆ ተሰደደ፤ በኢጣልያም ኖሮ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ዐረፈ። ዋንጫችንን ያነሣው እጅ እንደ እኛ የስደት ወረቀት የያዘ እጅ ሆነ ማለት ነው። 1954ን በኩራት የምንጠራ ሁሉ ይህን ዐምድ መዝለል አይገባንም።

ከ1974 ዓ.ም. የሊቢያው ውድድር በኋላ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ሜዳ ለሠላሳ አንድ ዓመት አልታየችም። በዚያ ሁሉ ዘመን ደጋፊው የት ነበረ? በየክለቡ ጨዋታ፣ በራዲዮኑ ዙሪያ፣ በየኮሌጁ ሜዳ ጠርዝ ላይ ነበረ። ሰንጠረዡን የያዘው እርሱ ነው። ቡድኑ ሲመለስ የሚቀበለው ሰው የተገኘውም በዚህ ምክንያት ነው።

የተመለሰውም ሱዳንን አልፎ ነው። በጳጉሜ 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ቡድናችን በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸነፈ። እኛ ያን ጊዜ በኮሌጅ ነበርን፤ በማግስቱ ብዙ ጓደኞቻችን «አበቃ» አሉ። ከመካከላችን ግን እርሳስና ወረቀት አውጥቶ የሚያሰላ አልጠፋም። በጊዜው ደንብ መሠረት ሁለቱ ቡድኖች በድምር እኩል ከሆኑ በሰው ሜዳ ብዙ ያገባው ያልፋል። ስለዚህ በሽንፈቱ ቀን የገቡት ሦስቱ ግቦች ገና ሕይወት ነበራቸው። በጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አንድ አንድ አገቡ፤ 2 ለ 0። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ። ሱዳን በእኛ ሜዳ አላገባችም፤ እኛ በእርሷ ሜዳ ሦስት አግብተናል። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን አለፈ።

በደቡብ አፍሪካው ውድድር የመጀመሪያ ጨዋታችን የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር በጥር 13 ቀን ዋለ፤ የ1954ቱ ድል በዋለበት ዕለት መሆኑ ነው። በረኛችን በቀይ ካርድ ወጥቶ በዐሥር ሰው እየተጫወትን አዳነ አቻ አደረገን፤ 1 ለ 1 ወጣን። ቀጥሎ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸነፉን። ይህም ይጻፍ፤ ከሒሳቡ ውስጥ ነው።

ከዓመታት በኋላ ስደት ወደ ካርቱም አምጥቶን በአል-ጣኢፍ ሰፈር ኖርን። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከመነሣቱ በፊት በዚያ ሰፈር ማታ ማታ በሻይ ሻጮች ዙሪያ፣ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ፣ የሱዳኖችን ክርክር እንሰማ ነበር። ሰማያዊው ሂላል ነው፣ ቀዩ መሪኽ ነው፤ አንዱ ስሙ ጨረቃ፣ ሌላው ኮከብ። እነርሱም ቡናውን የሚቀዱበትን ዕቃ ጀበና ይሉታል። የእኛን አገር ሰው መሆን ሲያውቁ የሚያነሡት ያንኑ 5 ለ 3 ነው፤ እኛም የምንመልሰው 2 ለ 0ውን። ስቀን እንለያያለን። ሁለታችንም ሒሳቡን በሙሉ ስለምናውቅ ማንም ማንንም ሊያታልል አይችልም፤ እንግዳና ባለ አገር እኩል የሚሆኑበት ወሬ ይኸው ነበር።

ጦርነቱ ግን እኛን ብቻ አላሰደደም። ሂላልና መሪኽም ከኦምዱርማን ተሰደዱ። በ2017 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በሞሪታኒያ ሊግ ውስጥ በእንግድነት ተጫወቱ። ሂላል ከሁሉ የበለጠ ነጥብ ይዞ ጨረሰ፤ ሆኖም እንግዳ ስለ ነበረ ዋንጫው ለአገሬው ቡድን ተሰጠ። በቀጠለው ዘመን ደግሞ ወደ ሩዋንዳ ሄዱ። ዋንጫ እንደማይሰጠው እያወቀ የውድድሩን ዘመን እስከ መጨረሻ የሚጫወት ቡድን ምን ይባላል? ደጋፊዎቹ በየስደት አገሩ ነጥቡን ይቆጥሩለታል፤ ይህ ደግሞ ዋንጫ ከመያዝ የሚያንስ ነገር አይመስለንም።

አንባብያን ሆይ! በመጠለያ ያለ ሰው ዓመቱ መነሻና መድረሻ ያጣበታል። ትናንትና ዛሬ፣ ያለፈው የራሽን ቀንና የሚመጣው አንድ ይሆኑበታል። የውድድር ዘመን ግን መጀመሪያ አለው፣ መጨረሻ አለው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚቀጥለው ዘመን አለው። ሽንፈትን በትክክል የሚጽፍ ሰው የሚቀጥለውን ዘመን የሚጠብቅ ሰው ነው። የሚደብቀው ወይም «አበቃ» የሚለው ግን ሰሌዳውን ከግድግዳው ያወረደ ነው።

ስለዚህ አንድ አሳብ እናቀርባለን። በመጠለያችን ልጆች የሚያደርጉት ግጥሚያ ከዛሬ ጀምሮ ይመዝገብ። አንድ ደብተር ይከፈት፣ ሰባቱ ዐምድ ይሰመር፤ ቀኑ፣ ተጋጣሚዎቹ፣ ያገባው ልጅ ስም ይጻፍ። የተሸነፈው ቡድን ተጫዋቾች ስም ደግሞ ከአሸናፊዎቹ እኩል በጉልህ ይስፈር። ቀለምና እርሳስ ከዚህ ወረቀት አዘጋጆች ይገኛል። ዐምዱን የሚሞላ ልጅ ከየሰፈሩ አንድ አንድ ይመረጥ፤ ማስመሩን እኛ እናስተምራለን።