የሕፃን ጣት ስንት ግመል ነው?

በሰው ቸልተኝነት አካሉ የጎደለ ሕፃን ካሳው በምን ይለካል? ሙያው ገና አልታወቀ፣ ገቢ የለው። ዳኛን የሚያስጨንቀው ይኸው ነው።

ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) በመጀመሪያ ጣትን በጥቅሙ መዝነው ነበር። ለአውራ ጣት 15 ግመል፣ ለሁለቱ ተከታዮች አሥር አሥር፣ ለቀለበት ጣት 9፣ ለትንሿ 6 ፈረዱ። ድምሩ 50፣ የአንድ እጅ ዲያ መሆኑ ነው። አመዛዘኑ ብልህነት አለው፤ በአውራ ጣቱ ያልያዘ ምን ይይዛል? ኋላ ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዐምር ኢብኑ ሐዝም ያስጻፉት ደብዳቤ ተገኘ። ለእያንዳንዱ ጣት 10 ግመል ይላል። የቀድሞው ፍርድ ቀረ።

ለሕፃኑ ትርጉሙ ትልቅ ነው። የሚመዘነው አካሉ እንጂ ወደፊት የሚያገኘው ገቢ ስላልሆነ፣ የእረኛም የነጋዴም ልጅ እኩል ይካሳል። ጉዳቱ በስሕተት ደርሶ ከከበደም አጥፊው ብቻውን አይከፍልም፤ የአባቱ ወገን ዘመዶች፣ ዐቂላ የሚባሉት፣ ይሸከማሉ። ለሙሉ ዲያ ዑመር 3 ዓመት ጊዜ ሰጥተዋል።

ጉዳቱ ሲደራረብስ? ራሱን ተመትቶ መስማቱን፣ አእምሮውንና ሌሎች ሁለት ችሎታዎቹን ላጣ ሰው ዑመር 4 ሙሉ ዲያ እንደፈረዱ ተዘግቧል። ሰውየው ግን በሕይወት ነበር፤ ቢሞት ኖሮ ዲያው አንድ ነው።