ከመካ እስከ መዲና ያለ ፍሪጅ

በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በስንብቱ ሐጅ፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ያረዱትን ሥጋ እንዲያሰናዳ ሰውባንን (ረ.ዐ) አዘዙት። መዲና እስኪደርሱም ከዚያው ሥጋ ያበላቸው እንደነበር ሶሒሕ ሙስሊም ዘግቧል። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያውም በግመል!

ዐረቦች ሥጋ የሚያቆዩት ዘልዝለው፣ ጨው ነስንሰው፣ ፀሐይ ላይ በማድረቅ ነበር። «ቀዲድ» ይሉታል፤ የእኛው ቋንጣ ማለት ነው። ጨውና ፀሐይ እርጥበቱን ሲያወጡት ጀርም የሚራባበት ውሃ ያጣል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ! መብራት ጠፋ ተብሎ የዒዱ ቋንጣ ሁሉ አይጣልም፤ ሁሉም ደግሞ አይበላም። እስከ ውስጡ የደረቀና ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ከሆነ ከፍሪጅ ውጭ ይቆያል። ውስጡ ለስላሳ ከሆነ ወይም በላስቲክ ታፍኖ ከረጠበና ከሻገተ ግን ባይሸትም አትብሉት። ቋንጣን የሚጠብቀው ስሙ ሳይሆን ድርቀቱ ነው።