ከክር ቋጠሮ እስከ ቀጭኗ ቱቦ

ከእንግሊዟ በርሚንግሃም እንጀምር (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቁጠሩልን)። በ1881 ሎውሰን ቴት የተባለ ስመ ጥር ሐኪም አንዲት በሽተኛ እንዲያይ ይጠራል። ፅንሱ ማህፀን ውስጥ መሆኑ ቀርቶ የማህፀን ቱቦ ውስጥ አድጎ ቱቦውን አፈንድቶታል፤ ሆዷ በደም ተሞልቷል። የጠራው ሐኪም «ክፈትና የሚደማውን አስቁም» ቢለው ቴት አልደፈረም። ሴትዮዋ ሞተች። አስከሬኗ ሲመረመር ታዲያ አንድ ቦታ በክር ቢታሰር ኖሮ ደሙ ይቆም እንደነበር ታየ።

ፍርሃቱን ግን አትናቁት። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ፊላደልፊያ ውስጥ ጆን ፓሪ 500 እንዲህ ያሉ እርግዝናዎችን ሰብስቦ ቢቆጥር 336ቱ ሴቶች ሞተዋል። የጊዜው «ሕክምና» ደግሞ መጠበቅ ነበር፤ ሲብስም ፅንሱን በኤሌክትሪክ ወይም በሞርፊን መርፌ መግደል። በ1883 ቴት ደፈረ። የመጀመሪያዋን በሽተኛ አጣት። በዚያው ዓመት ሁለተኛዋ ላይ ሌላውን ሁሉ ትቶ በቅድሚያ ደም ስሩን አሰረ። ዳነች።

ከዚያ በኋላ ዘጠና ዓመት ያህል ሆድ መክፈት ብቻ ነበር። በ1973 አሜሪካ ውስጥ ሻፒሮና አድለር በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትንንሽ ቀዳዳ፣ እንዲህ ያለውን እርግዝና አወጡ። የፈረንሳዩ ብሩሃ ደግሞ ቱቦውን ሰንጥቆ ፅንሱን እያወጣ ቱቦውን ለባለቤቱ መተው ጀመረ፤ ገና መውለድ ለምትፈልግ ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀናተኛም አልጠፋም። በ1980 የኪሉ የማህፀን ሐኪም ኩርት ዜም ትርፍ አንጀት በዚሁ ዘዴ ቢያወጣ የጀርመን የቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ፕሬዚዳንት ከሥራ ይታገድልን አሉ! ለነገሩ ታግዶ ቢሆን ስንቱ ሆድ በከንቱ ይቀደድ ነበር?

አስቸጋሪው ግን ፅንሱ ማህፀን በር ላይ ወይም የድሮ ኦፕራሲዮን ጠባሳ ላይ ሲያርፍ ነው። ሲጠረግ ደሙ አልቆም ይላል። አንዳንዴም እርግዝናው ከወጣ በኋላ የደም ቅዳና የደም መልስ ስሮች ያለ ቦታቸው ተያይዘው ይቀሩና ይደማል። በድሮው ጊዜ መጨረሻው ማህፀን ማውጣት ነበር።

መላው የመጣው ካልታሰበ ሰፈር፣ ከራጅ ክፍል ነው። በ1953 ስዊድናዊው ሴልዲንገር በመርፌ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ ወደ ደም ስር የሚገባበትን ብልሃት አሳየ። በ1964 ፖርትላንድ ላይ ቻርለስ ዶተር እግሬ አይቆረጥም ያሉ የ82 ዓመት አሮጊትን የተዘጋ ደም ስር በቱቦ ከፈተ። በ1979 ደግሞ በተቃራኒው፣ ከወሊድ በኋላ የሚደማ ስር በዚሁ መንገድ መዘጋቱ ተዘገበ። ሐኪሙ በብሽሽት ገብቶ፣ በራጅ እየተመለከተ ማህፀን የሚመግበው ስር ይደርሳል፤ የጄላቲን ስፖንጅ ይወትፍበታል። ስሩ ግራና ቀኝ ስለሆነ አንዱን ብቻ መዝጋት ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ደሙ በሌላው ዞሮ ይመጣል። ስፖንጁ በሳምንታት ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል፤ ማህፀኑ ቦታው ላይ ይቀራል።

እኛ የምንወደው ቱቦዋን ነው። ቱቦው ፈንድቶ ደሟ አልቆ ራሷን ለሳተች ሴት ግን ዛሬም ሆድ ይከፈታል፤ የሚደማውም ቶሎ ይያዛል።