የስልክ ቁጥርና ባለቤቱ

ሰው ስሙን መርጦ አይወለድም። ስሙን አባትና እናት ያወጡለታል፤ ሰፈሩና ባልንጀሮቹም ደግሞ ቅጽል ይጨምሩለታል። በዘመናችን ግን ሰው ሁሉ ከስሙ ቀጥሎ ይዞት የሚዞር ሌላ መጠሪያ አለው፤ ይኸውም 10 አኃዝ ያለው የስልክ ቁጥር ነው። ይህንን መጠሪያ እንደ ስም ሰጥተውት የሚቀበል ብቻ ሳይሆን፥ ይህ ይሻለኛል ያ ይቅርብኝ ብሎ አማርጦ፥ አንዳንዴም ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ የሚይዘው ሰው እየበዛ ሄዷል። ይህ ነገር ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደ ደረሰ በአጭሩ ለመመርመር ስለ ወደድን፥ ይህን ጽሑፍ ለአንባቢዎቻችን አቅርበናል።

ለምርመራችን ከቸርችል ጎዳና የተሻለ ቦታ አላገኘንም። ጎዳናው ከላይ ከማዘጋጃ ቤቱ ተነሥቶ፥ የቴዎድሮስን አደባባይ አልፎ፥ ቍልቍል ወደ ለገሃር የባቡር ጣቢያ ይወርዳል። ዋናው ፖስታ ቤትም፥ በተለምዶ ቴሌ የምንለው የስልክ ዋና መሥሪያ ቤትም በዚሁ መንገድ ላይ ይገኛሉ። በእግረኛው መሄጃ ደግሞ ሎተሪ አዟሪው ቆሟል። ገዢው ቀርቦ ትኬቶቹን ይገላልጣል፤ የመጨረሻዎቹን አኃዞች ያያል፤ አንዱን ይተዋል፥ ሌላውን ይመርጣል። ዕጣው ገና ስላልወጣ ቁጥሩ ሁሉ እኩል ነው፤ ለገዢው ግን እኩል ሆኖ አይታየውም። የስልክ ቁጥር የሚያማርጠውም ሰው ከዚህ ሰው ብዙ የራቀ አይደለም።

ስልክ ወደ አገራችን ሲገባ ቁጥር አልነበረውም። ኋላ ራስ የተባሉት ደጃዝማች መኰንን በ1882 ዓ.ም. ገደማ ከኢጣልያ መልእክታቸው ሲመለሱ የስልክ መሣሪያ ለዳግማዊ ምኒልክ አመጡ። ሰው ሳይታይ ድምፁ ብቻ ሲሰማ ካህናቱ ደንግጠው የሰይጣን ሥራ ነው እንዳሉ እስከ ዛሬ ይወጋል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ጥቅሙን ስላስተዋሉ ከዐድዋ ድል 2 ዓመት ያህል አስቀድሞ ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው ሽቦ መዘርጋት ጀመረ። በዚያን ጊዜ ጠሪው የሚፈልገውን አገርና ሰው በስሙ ይናገራል፤ ስልከኛውም ያገናኘዋል። ስለዚህ ስልከኛው የሰውን ስም ከነማዕርጉ ማወቅ፥ ማን ፈጥኖ መገናኘት ማንስ መቆየት እንደሚገባው መለየት ነበረበት።

በውጭው ዓለምም ነገሩ የተጀመረው እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 በአሜሪካ ሎዌል በምትባለው ከተማ የኩፍኝ በሽታ በገባ ጊዜ፥ ሞዝስ ፓርከር የሚባሉ ሐኪም አንድ ነገር አሳሰባቸው። የከተማው ስልከኞች ታመው ቢተኙ፥ አዲስ የሚተኩት ሰዎች የደንበኛውን ሁሉ ስምና መስመር ከየት ያውቁታል? ስለዚህ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ቁጥር እንዲሰጠው መከሩ፤ ምክራቸውም ተቀባይነት አገኘ። ከዚያ በኋላ አስከሬን ገንዞ በማስቀበር ሥራ ይተዳደር የነበረው አልሞን ስትራውጀር፥ ያለ ስልከኛ በራሱ የሚያገናኝ መሣሪያ ፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1891 የባለቤትነት መብት አገኘበት። ስልከኛዋ የእርሱን ገበያ ወደ ተወዳዳሪው እያዞረች ስላስቸገረችው ነው ይባላል።

ከእነዚህ ከሁለቱ ታሪኮች የምንረዳው አንድ ቁም ነገር ነው። ቁጥር የተወለደው የሰው ክብርና ዝምድና ሳይጠየቅ ሁሉን እኩል ለማገናኘት ነው። ሚኒስትሩንም ዘበኛውንም መሣሪያው የሚያውቃቸው በአኃዛቸው ብቻ ነው። የአንዱ ቁጥር ከሌላው የሚበልጥበት ምክንያት አልነበረም።

ይሁን እንጂ ሰው ያለ ማዕርግ መኖር አይሆንለትምና፥ ቁጥሩ ቀስ በቀስ ሌላ ነገር መናገር ጀመረ። በመጀመሪያ የተናገረው ቦታን ነው። በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቁሞ ሥራው እየተስፋፋ ከሄደ በኋላ፥ የአዲስ አበባ ስልክ ቁጥር ሽቦው ከሚነሣበት ጣቢያ ጋር የተሳሰረ ነበር። ስልክ ለማስገባት ወረፋ ይጠበቅ ነበር፤ ተራው ሲደርስም ደንበኛው የተሰጠውን ይቀበላል እንጂ አያማርጥም። የመጀመሪያዎቹን አኃዞች ያየ ሰው ቤቱ በየት በኩል እንደ ሆነ መገመት ይችል ነበር። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ወር የአገሩ ቁጥር ሁሉ ሲለወጥ፥ የአዲስ አበባው መለያ ከ01 ወደ 011 ተዛወረ፤ ባለ 6 አኃዙም ቁጥር ባለ 7 ሆነ። በፊቱ የተጨመረው አኃዝ እንደ ሰፈሩ ይለያይ ነበርና፥ ለአራዳ 1፥ ከቸርችል ጎዳና ግርጌ ላለው ሰፈር 5፥ ለቦሌ በኩል 6 ደረሰ። አራዳ አንደኛ የሆነችው በአጋጣሚ ቢሆንም፥ የአራዳ ልጅ ግን ይገባናል ሳይል የሚቀር አይመስለንም።

ሁለተኛው የተናገረው ነገር ጊዜን ነው። ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. ሲጀመር ቁጥሩ 09 ብሎ 6 አኃዝ ያስከትል ነበር። በ1998ቱ ለውጥ በመካከሉ 11 ገባበትና 0911 ሆነ። ሌሎቹ መነሻዎች እነ 0912 እና 0913 ኋላ ስለ መጡ፥ 0911 የቀደምት ደንበኛ ምልክት ሆኖ ቀረ። ይህን ቁጥር የያዘ ሰው፥ ስልክ ብርቅ በነበረበት ጊዜ ስልክ ነበረኝ ብሎ ሳይናገር ይናገራል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በ07 ሲጀምር ደግሞ፥ በ09 የሚታወቅበትን ጭራ በ07ም ደግሞ ለመያዝ የፈለገ ሰው ነበር።

ሦስተኛው ምርጫው ራሱ ነው። ለማስታወስ የሚቀልሉ፥ አኃዛቸው የሚደጋገም ወይም በተራ የሚወጣ የሚወርድ ቁጥሮች ልዩ ተብለው በተጨማሪ ዋጋ ይሸጣሉ። ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። በቻይና 8 ቁጥር የብልጽግና ምልክት ስለ ሆነ፥ የሲቹዋን አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2003 ስምንት ጊዜ 8 የሆነውን ቁጥር በ2.33 ሚሊዮን ዩዋን ገዝቷል። በቀጠር እ.ኤ.አ. በ2006 ሰባት ጊዜ 6 የሆነ ቁጥር ለበጎ አድራጎት በተደረገ ጨረታ 10 ሚሊዮን ሪያል አውጥቷል። በእኛም ዘንድ ቁጥርን ከዕድል ጋር ማያያዝ የቆየ ነው። ዐውደ ነገሥት ገላጩ የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደል ቈጥሮ፥ ለ12 ገድፎ ኮከቡን ይነግረው ነበር። ዛሬም ከጎዳናው ራስ ላይ ያለውን የአራዳ ጊዮርጊስን ታቦት የሚወድ ሰው 23 በቁጥሩ ውስጥ ቢገባለት ደስ ይለዋል፤ ሌላው የልጁን የልደት ዓመት፥ ሌላውም 1888ን ይሻል።

እኛ ይህን ምርጫ አንነቅፍም። ነጋዴ ደንበኛው እንዳይረሳው ቀላል ቁጥር ቢገዛ ትርፉን ዐስቦ ነው። ነገር ግን ቀላል ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚገባው ለሁሉ ለሚያገለግል ሥራ ነው እንላለን። እሳት ሲነሣ 939፥ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፥ ለፖሊስ 991 ማለት ማንም ሳይጽፈው የሚይዘው ነው። በ8100 ደግሞ ስንቱ ባለ ተራ ስልክ ለዓባይ ግድብ የአቅሙን አዋጥቷል! እነዚህ አጫጭር ቁጥሮች ያማሩት ባለቤታቸው ሕዝብ ስለ ሆነ ነው።

የቀረው ነገር ከምርጫው ይልቅ ጥበቃው ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር ገንዘብ በስልክ ቁጥር ይላካል፥ ይቀመጣል። እንግዲህ ቁጥሩ የሰውየው ቦርሳ ሆኗል ማለት ነው። ቁጥሩን ቸል ብሎ የጣለ ወይም የምሥጢር ቁልፉን ለማያውቀው የነገረ ሰው፥ አኃዙ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን አያድነውም።

ከገንዘብም የሚበልጥ አለ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ለከተማው መልሶ ግንባታ ሲፈርሱ፥ ነዋሪው ወደ ልዩ ልዩ የከተማው ዳርቻ ተበተነ። በግድግዳው ላይ ተሰክቶ የነበረው የቤት ስልክ ከግድግዳው ጋር ቀረ፤ ያ ቁጥር የቦታው ነበርና ቦታው ሲጠፋ የሚጠራ የለውም። ሰው በኪሱ ይዞት የወጣው ቁጥር ግን አብሮት ሄደ። የድሮ ጎረቤት ታሞ ወይም ሞቶ እንደ ሆነ ለዕድርተኛው የሚደርሰው በዚህ ቁጥር ነው። በአሮጊቲቱ ደብተር ላይ በእርሳስ የተጻፈው ቁጥር የሚደጋገም አኃዝ የለው ይሆናል፤ በጨረታም አንድ ብር አያወጣም። ሲደወልበት ግን የሚያነሣው ሰው አለ።

ስለዚህ አዲስ ቁጥር ለመያዝ በቸርችል ጎዳና ለሚወርደው ወጣት የምንመክረው ይህ ነው። የወደድኸውን ምረጥ፤ ከመረጥህ በኋላ ግን አትለዋውጠው፥ ሲጠሩህም አንሣ። ስምን የሚያስከብረው ያወጣው ሰው ሳይሆን የተሸከመው ሰው እንደ ሆነ ሁሉ፥ ቁጥርንም የሚያስከብረው የከፈለበት ዋጋ ሳይሆን በተፈለገ ጊዜ የሚመልስ ባለቤቱ ነው።