ከአቃቂ እስከ ጄኔቭ

ጦርነቱ ሳይጀመር፣ በመስከረም 1928 ዓ.ም. መግቢያ፣ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ ስለ ሰላም ለዓለም ተናገሩ። ኢጣሊያ ግን መስከረም 22 ቀን ጦርነት ሳታውጅ መረብን ተሻገረች፤ በዚያው ዕለት በአዲስ አበባ የክተት ነጋሪት ተጐሰመ።

በአቃቂ የተነገረውን የሰላም ቃል ዓለም ሰምቶ ቸል ቢለው፣ ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሙ። የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት ቢያውኳቸውም፣ የመርዙን ጢስ ግፍ በአማርኛ ዘርዝረው፣ ለሕዝባቸው ምን መልስ ይዘው እንደሚመለሱ ጠየቁ። ማኅበሩም በኢጣሊያ ላይ የጣለውን ቅጣት በሐምሌ አነሣ፤ መልሱ ይህ ሆነ።

አርበኞች ግን በዱር በገደል አምስት ዓመት ተጋደሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በእንግሊዝ ጦር ርዳታ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ መናገሻቸው ተመለሱ። እንግዲህ እውነተኛ ቃል ሰሚ ቢያጣም ምስክር ሆኖ ይቈያል፤ ነጻነትን የሚያስመልሰው ግን ከቃሉ ጋራ የሚቆም ሕዝብ ነው።