በኤቨረስት ተራራ ላይ የቀረው ወጣት

የኤቨረስት ተራራ ስም በተነሣ ቍጥር አስቀድሞ ወደ አሳባችሁ የሚመጣው በሜይ 29 ቀን 1953 ከጫፉ ላይ የቆሙት የሂላሪና የቴንዚንግ ስም እንደ ሆነ አያጠራጥርም። ነገሩን ጠለቅ ብሎ ያነበበ ሰው ደግሞ ከእነርሱ አስቀድሞ በ1924 እዚያው ስለ ጠፉት ስለ ሚስተር ጆርጅ ማሎሪ ያውቃል። አብሯቸው ስለ ወጣው ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው «ጓደኛቸውም ጠፋ» የሚለው ቃል ብቻ ነው። እኛ ዛሬ የምናወሳላችሁ የዚህን ልጅ ታሪክ ነው። ዘመኑም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን እንገልጻለን።

አንድሩ ኧርቪን በአፕሪል 8 ቀን 1902 በእንግሊዝ አገር በበርከንሄድ ከተማ ተወለደ። ከልጅነቱ ዠምሮ መኪና ፈታትቶ መልሶ መግጠም የሚወድ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ገና ተማሪ ሳለ፥ የአውሮፕላን መትረየስ ፕሮፔለሩን ሳይመታ በመካከሉ አሳልፎ የሚተኵስበትን ዘዴ ነድፎ ለጦር ሚኒስቴር ላከ። እስቲ እናንተ በየመሥሪያ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከአንድ የትምህርት ቤት ልጅ ቢደርሳችሁ ምን ብላችሁ ትመልሱ ነበር?

ከዚያም ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1923 ካምብሪጅን ድል ካደረጉት ጀልባ ቀዛፊዎች አንዱ ሆነ። በዚሁ ዓመት በሰሜን ዋልታ አጠገብ ወዳለችው ወደ ስፒትስበርገን በተደረገው ጕዞ ላይ፥ የምድር ጥናት ሊቅ የሆኑት ሚስተር ኖኤል ኦዴል ጕልበቱንና ትዕግሥቱን ተመልክተው ለኤቨረስት ጕዞ እንዲመረጥ መሰከሩለት። ሲመረጥ የ21 ዓመት ልጅ ነበረ። በከፍተኛ ተራራ መውጣት ረገድ ግን ከባልንጀሮቹ ሁሉ ልምዱ ያነሰ ነበር።

ኤቨረስት ከባሕር ወለል በላይ 8,849 ሜትር ነው፤ ይኸውም የኛን ራስ ደጀን ሁለት ጊዜ ያህላል ማለት ይቻላል። በጫፉ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ ሦስተኛውን ብቻ ያህል ነው። ስለዚህ ተጓዦቹ ኦክሲጅን በብረት ጠርሙስ አድርገው በጀርባቸው ሊሸከሙ አሰቡ። የመጣላቸው መሣሪያ ግን ክፉ ሆነ፤ ከጠርሙሶቹ ብዙዎቹ ያፈስሱ ነበር፥ ቧንቧውም ይሰበር ነበር። በቲቤት ምድር በሚጓዙበት ጊዜ ሌሎቹ ሲያርፉ ኧርቪን በድንኳኑ ተቀምጦ ይፈታል፥ ይቈርጣል፥ ያቃልላል፤ በመጨረሻም ከፋብሪካው የወጣውን መሣሪያ ሌላ መልክ ሰጠው። የተበላሸ ምድጃና ፋኖስም ቢሆን የሚመጣው ወደ እርሱ ነበር። ተሸካሚዎቹ ወደ ሰሜናዊው አንገት የሚወስደውን የበረዶ ገደል ከነሸክማቸው እንዲወጡ የገመድ መሰላል በመሥራትም ረዳ። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ በ1922 በተደረገው ጕዞ ሰባት ተሸካሚዎች በዚያው አቀበት ላይ የበረዶ ናዳ ወርዶባቸው አልቀዋል። የእነርሱም ስም ከአሠሪዎቻቸው ስም እጅግ ያነሰ ይነገራል።

በጁን 4 ቀን 1924 ኮሎኔል ኖርተን ያለ ኦክሲጅን ከ8,570 ሜትር በላይ ወጥተው ተመለሱ። የቀረው አንድ ሙከራ ብቻ ነበረ። ሚስተር ማሎሪ ለዚህ የመረጡት ልምድ ያላቸውንና ከከፍታው አየር ጋራ የተስማሙትን ሚስተር ኦዴልን ሳይሆን ኧርቪንን ነው። ስለዚህ ምርጫ እስከ ዛሬ ብዙ ክርክር አለ። እኛ እንደሚመስለን ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መሣሪያው ከዚያ በላይ ቢበላሽ ሊጠግነው የሚችል ሰው እርሱ ነበረ። ይሁን እንጂ መሣሪያውን ማወቅና ተራራውን ማወቅ አንድ አይደለም፤ ለ22 ዓመት ወጣት የተጫነው ሸክም ከባድ ነበረ። ኧርቪንም በጁን 5 በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ፀሐይና ነፋስ ያቃጠለው ፊቱ ክፉኛ እንደሚያሠቃየው ከጻፈ በኋላ፥ ለነገው ጕዞ ሁለት መሣሪያ ማዘጋጀቱን አከለበት። ከዚያ ወዲያ የጻፈው የለም።

በጁን 8 ቀን ከቀትር በኋላ 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ላይ፥ በእኛ አቈጣጠር ሰባት ሰዓት ሊሆን ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው፥ ከበታቻቸው ይወጡ የነበሩት ሚስተር ኦዴል ደመናው ገለጥ ሲል ሁለት ጥቋቍር ነጥቦች በሸንተረሩ ላይ ሲንቀሳቀሱ አዩ፤ ወዲያው ደመናው ተመልሶ ሸፈናቸው። ሚስተር ኦዴልም ሁለት ጊዜ እስከ መጨረሻው ድንኳን ድረስ ወጥተው ፈለጓቸው፥ አላገኟቸውም። ለታችኞቹ ሰዎች መርዶው የተነገረው በበረዶ ላይ በመስቀል አምሳል በተዘረጉ ብርድ ልብሶች ነበረ።

በ1933 የኧርቪን ነው የሚባል የበረዶ መጥረቢያ በሸንተረሩ አጠገብ ተገኘ። በሜይ 1 ቀን 1999 የሚስተር ማሎሪ አስከሬን ተገኘ፤ በተሰበረ ገመድ ታስረው ነበር፥ በያዙትም ፖስታ ላይ የኦክሲጅን ጠርሙሶች ግፊት ተመዝግቦ ነበር። በዚሁ ዓመት ከ1924ቱ ጠርሙሶች አንዱ የመጀመሪያው ደረጃ ከሚባለው ዐለት አጠገብ ተነሣ። እንግዲህ የልጁ እጅ የጠገነው መሣሪያ ቢያንስ እስከዚያ ድረስ አድርሷቸዋል ማለት ነው። ወደ ጫፉ ደርሰው እንደ ሆነ ያሳያል ተብሎ የታሰበው ካሜራ ግን አልተገኘም።

በሴፕቴምበር 2024፥ ከጠፋ ከመቶ ዓመት በኋላ፥ ከተራራው ግርጌ ባለው የሮንግቡክ የበረዶ ግግር ላይ አንድ አሮጌ ጫማ ከነእግሩ ተገኘ። በካልሲው ላይ በተሰፋው ጨርቅ «ኤ. ሲ. ኧርቪን» የሚል ጽሕፈት ይነበብ ነበር።